ሕመሙ ጠፋ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም

በጥርስ ሥር ሕክምና ላይ የሚውለው የቅርንፉድ ሽታ ያለው መድኃኒት ነርቭን ከማደንዘዝ አልፎ የደም ቧንቧን ጡንቻ ያላላል። ይህ ምን ማለት ነው? ሕክምናቸውን በመሐል ለሚያቋርጡ፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ላለባቸው፣ በቤታቸው ትንንሽ ልጆች ላሏቸውስ ምን ይነግራቸዋል?

የጥርስ ሕመም ሌሊትን ይመርጣል። ቀኑን ሙሉ ሥራ እየሠሩ፣ ከሰው ጋር እየተጫወቱ የቻሉት ጥርስ፣ ልክ ትራስ ላይ ጋደም ሲሉ ልብ በመታ ቁጥር አብሮ መምታት ይጀምራል። አንዳንዱ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ቀዝቃዛ ውኃ በአፉ ይይዛል፤ ብዙው ደግሞ ወደ ማዕድ ቤት ሄዶ ከቅመማ ቅመሙ መሐል ቅርንፉድ ይፈልጋል። አንዷን ፍሬ በታመመው ጥርስ ላይ አድርጎ ነከስ ሲያደርጋት ምላሱን ትቆጠቁጠዋለች፣ ድዱ ይደነዝዛል፣ ሕመሙም ጋብ ይላል።

በማግሥቱ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ቢሄዱ፣ ገና በሩ ላይ የሚቀበልዎ ሽታ ያችኑ የሌሊቷን ቅርንፉድ ያስታውስዎታል። እንዲያው አጋጣሚ አይደለም። ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሰኘው ዋና ንጥረ ነገር ዩጂኖል ይባላል፤ ከቅርንፉድ ዘይት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ዩጂኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር እየለወሱ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተጠቅመውበታል። ለጊዜያዊ ሙሌት ይሆናል፤ የጥርሱ ሥር ከተጸዳ በኋላ ቦዩን ለመድፈንም ያገለግላል።

ዩጂኖል ሕመም እንደሚያስታግስ እናቶቻችንም ያውቁ ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ሥራውን ነው፤ የደም ቧንቧን ጡንቻ ማላላቱን። ነገሩን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ወደ ጥርሱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ግድግዳው የማይለጠጥ ቤት

ጥርስን ከውጭ ስናየው ደረቅ ድንጋይ ይመስለናል። ውስጡ ግን ሕይወት አለው። በመሐሉ ባለው ክፍተት በተለምዶ «የጥርስ ነርቭ» እያልን የምንጠራው ለስላሳ ሥጋ ይገኛል። ስሙ ነርቭ ይባል እንጂ እጅግ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎችም ተጠላልፈውበታል። ደሙ የሚገባውም የሚወጣውም በዋናነት በጥርሱ ሥር ጫፍ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ይህች ቀዳዳ በአዋቂ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አትበልጥም።

እሾህ ጣትዎን ቢወጋዎ አካባቢው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ምክንያቱም ሰውነታችን ለጉዳቱ ተጨማሪ ደም ለመላክ ቧንቧዎቹን ያሰፋል፤ ከቧንቧዎቹም ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። የጣት ቆዳ ስለሚለጠጥ እብጠቱ ቦታ ያገኛል። ጥርስ ውስጥ ግን መለጠጥ የሚባል ነገር የለም። ትል በላው የምንለው ጥርስ፣ ማለትም በባክቴሪያ የተቦረቦረው፣ ጉዳቱ ወደ ውስጠኛው ሥጋ ሲደርስ ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፤ ፈሳሹም ይሰርጋል፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ልብ አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር ወደ ጥርሱ የሚገባው ደም የተቆጣውን ነርቭ ይገፋዋል። ጋደም ሲሉ ደግሞ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ግፊቱ ስለሚጨምር ሕመሙ ይብሳል። ጥርሴ «ልብ ልብ አለኝ» የሚል ሰው የሚናገረው በትክክል የሚሆነውን ነገር ነው።

ግፊቱ በዚሁ ከቀጠለና ባክቴሪያው ካልተወገደ የውስጡ ሥጋ እየሞተ ይሄዳል። የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ብዙዎች «ሩት ካናል» የሚሉት፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን ከላይ ይከፍታል፤ የታመመውን ሥጋ ያወጣል፤ ቦዩን በቀጫጭን መሣሪያዎችና በማጠቢያ ፈሳሽ ያጸዳል፤ እንደ አስፈላጊነቱ መድኃኒት አስቀምጦ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል፤ በመጨረሻም ቦዩን በቋሚነት ይደፍናል።

የማናዝዘው ጡንቻ

ጡንቻ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ክንድና ባትን ነው። በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ግን ቧንቧውን እንደ ቀለበት የከበበ ሌላ ዓይነት ጡንቻ አለ። ሐኪሞች ለስላሳ ጡንቻ ይሉታል። እኛ አናዘውም፤ ሌት ተቀን በራሱ ይሠራል። ሲኮማተር ቧንቧው ይጠባል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ሲላላ ቧንቧው ይሰፋል፣ ግፊቱ ይቀንሳል።

ይህን ጡንቻ የሚያኮማትረው ካልሲየም ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ጥቃቅን በሮች አሉ፤ በሮቹ ሲከፈቱ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። በሮቹ ከተዘጉ ጡንቻው ይላላል። የደም ግፊት ያለበት ዘመድ ካለዎት ምናልባት አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን የሚል ስም በመድኃኒት እሽጉ ላይ አንብበው ይሆናል። የእነዚህ መድኃኒቶች ዋና ሥራ እነዚያን የካልሲየም በሮች መዝጋት ነው።

ቧንቧው ራሱን የሚያላላበት ሌላም መንገድ አለው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፈርችጎት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራ፣ የቧንቧው ውስጠኛ ስስ ሽፋን ጡንቻውን የሚያላላ መልእክተኛ እንደሚልክ በጥንቸል የደም ቧንቧ ላይ አሳየ። መልእክተኛው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ እ.ኤ.አ. የ1998ን የኖቤል የሕክምና ሽልማት የተጋሩት በዚሁ ዙሪያ በሠሩት ሥራ ነው።

ቅርንፉድ በላቦራቶሪ

አንድ መድኃኒት የደም ቧንቧን እንዴት እንደሚነካ ለማወቅ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ሲያዩት ቀላል ነው። ከአይጥ ወይም ከጥንቸል ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ቁራጭ ይወሰዳል። ቀለበቱ በሁለት ስስ ማንጠልጠያዎች መካከል ሆኖ 37 ዲግሪ በሚሞቅ፣ ኦክሲጅን በሚነፋበት ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ይሰቀላል። አንደኛው ማንጠልጠያ ከኃይል መለኪያ ጋር ይያያዛል። ከዚያ ቀለበቱን የሚያኮማትር ነገር ይጨመራል፤ ቀጥሎም የሚመረመረው መድኃኒት ጠብ ይደረጋል። ጡንቻው ከላላ መለኪያው ወዲያው ይናገራል።

ዩጂኖል በዚህ ዘዴ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ በጥንቸል የደም ቧንቧ ላይ፣ በ2003 ደግሞ ብራዚል ውስጥ በአይጥ ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ታትመዋል። ሁለቱም ያገኙት ዩጂኖል የተኮማተረውን ቧንቧ እንደሚያላላ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር መላላቱም ይጨምራል። የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን በመላላቱ ላይ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ሽፋኑ ተነሥቶም ጡንቻው መላላቱን አይተውም። ይህም ዩጂኖል ጡንቻውን በቀጥታ እንደሚነካና የካልሲየምን አገባብ እንደሚያውክ ያመለክታል። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች ዩጂኖልን በአይጦች ደም ውስጥ በቀጥታ ሲሰጡም የአይጦቹ የደም ግፊት ወርዷል።

በነርቭ ላይ የሚሠራውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ነርቭ የሕመምን መልእክት የሚያስተላልፈው በሶዲየምና በካልሲየም በሮች ነው፤ ዩጂኖል እነዚህንም ያዳክማል። ድዳችን የሚደነዝዘው ለዚህ ነው።

ታዲያ የተሞላው ጥርስ የደም ግፊቴን ያወርደዋል?

አያወርደውም። ምክንያቱ የመጠን ጉዳይ ነው። በላቦራቶሪ ቀለበቱ በመድኃኒቱ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል፤ አይጡም መድኃኒቱን በደም ሥሩ ይቀበላል። በጥርስ ውስጥ ግን ዩጂኖሉ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ ስለሚጠነክር የሚለቀቀው ጥቂት በጥቂት ነው። ያም ቢሆን ዴንቲን የተባለውን የጥርሱን ግድግዳ ማለፍ አለበት። ከሙሌቱ ሥር ባለው ዴንቲንና ወደ ውስጠኛው ሥጋ በሚጠጋው ዴንቲን መካከል የዩጂኖል መጠን መቶ እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። ወደ አጠቃላይ የደም ዝውውር የሚደርሰው ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ በክንድዎ ላይ በሚለካው የደም ግፊት ሳይሆን በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። በትንሽ መጠን ግድግዳውን አልፎ የሚደርሰው ዩጂኖል ነርቩን ያረጋጋል፣ ቁጣውንም ያበርዳል። በብዛት፣ ያለ ዴንቲን ከለላ በቀጥታ ሕያው ሥጋ ላይ ቢያርፍ ግን ሕዋሳትን ይገድላል። ያው መድኃኒት በአንድ እጁ አረጋጊ፣ በሌላ እጁ ጎጂ ነው። ሐኪሙ በጥንቃቄ የሚያዘጋጀውን መድኃኒት እኛ በቤታችን በጥጥ ነክረን በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ መክተት የሌለብን ለዚህ ነው።

ዝምታው ሲያታልል

ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በመድኃኒቱ ጎጂነት ሳይሆን በመልካምነቱ ነው። አንድ ሰው ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ በኋላ ክሊኒክ ሄዶ ጥርሱ ይከፈትለታል፤ በውስጡ የታመቀው ግፊት ይወጣል፤ መድኃኒት ይቀመጣል፤ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል። በዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል። በሳምንቱ ተመለስ ሲባል ግን ሥራ ይበዛል፣ ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት ቤት ይፈለጋል፣ ጥርሱም ምንም አይልም። «ድኗል» ይላል።

ጥርሱ ግን አልዳነም። ሕመሙ የጠፋው ግፊቱ ስለ ወጣ፣ ነርቩ ስለ ደነዘዘ፣ ወይም የውስጡ ሥጋ ጨርሶ ስለ ሞተ ሊሆን ይችላል። የሞተ ነርቭ አያምም። ጊዜያዊ ሙሌት ደግሞ ስሙ እንደሚለው ጊዜያዊ ነው፤ በማኘክ ብዛት ይሸራረፋል፣ በጠርዙ ምራቅና ባክቴሪያ ያስገባል። ደም የማይደርስበት ባዶ ቦይ ለባክቴሪያ የተመቸ ጎጆ ነው፤ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳትም ሆኑ የምንውጠው አንቲባዮቲክ ወደዚያ የሚደርሱት በደም በኩል ነውና። ለዚህም ነው አንቲባዮቲክ ብቻውን የጥርስ ሥር ሕክምናን የማይተካው። ባክቴሪያው በሥሩ ጫፍ ወጥቶ የመንጋጋን አጥንት ይበላል፤ መግል ይቋጥራል።

በሕክምና ቀጠሮዎች መካከል ዛሬ በስፋት የሚቀመጠው ሌላው መድኃኒት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን እ.ኤ.አ. በ1920 ወደ ጥርስ ሕክምና ያስገባው ይህ ነጭ ለቁጥ ባክቴሪያ የሚገድለው ኃይለኛ አልካላይ በመሆኑ ነው፤ ፒኤች መጠኑ 12.5 ያህል ይደርሳል። በቦዩ ውስጥ ሲቆይ ጠቃሚ ነው። በኃይል ተገፍቶ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ ደም ቧንቧ ሲገባ ግን ቧንቧውን ሊዘጋና ሊያቃጥል ይችላል። እንዲህ ሆኖ የፊት ቆዳና ሥጋ ደም አጥቶ የተጎዳባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ራጅ የሚያነሣውና የሥሩን ርዝመት ደጋግሞ የሚለካው ለምን እንደሆነ ያስረዳሉ። «ስንት ጊዜ ነው የምታነሣኝ?» ብሎ ከመቆጣት በፊት ይህን ማስታወስ መልካም ነው።

የሚያጠበው መርፌ

በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዩጂኖል ተቃራኒ የሆነ መድኃኒትም ይወስዳሉ። አብዛኛው የጥርስ ማደንዘዣ መርፌ ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። አድሬናሊን የደም ቧንቧውን ጡንቻ አኮማትሮ ስለሚያጠብ ማደንዘዣው ቶሎ በደም ተወስዶ አይጠፋም፤ መድማትም ይቀንሳል።

መጠኑ ትንሽ ነው። በተለመደው አንድ ለመቶ ሺህ ቅልቅል፣ 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንድ ካርትሪጅ 0.018 ሚሊ ግራም አድሬናሊን አለው። ጤነኛ ሰው ይህን በቀላሉ ይችለዋል። ከበድ ያለ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን በአንድ ቀጠሮ ከ0.04 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ይህም ሁለት ካርትሪጅ ያህል መሆኑ ነው። ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ የልብና የግፊት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አድሬናሊኑ የደም ግፊትን ድንገት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የደም ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር፣ መጀመሪያ ግፊቱ እንዲስተካከል ሕክምናው ይዘገይለታል።

ይህ ማለት ግን የደም ግፊት ያለበት ሰው ሕመሙን ተሸክሞ ይኑር ማለት አይደለም። ያልታከመ የጥርስ ሕመምና ፍርሃት ራሳቸው ሰውነታችን የራሱን አድሬናሊን እንዲረጭ ያደርጋሉ። በደንብ ያልደነዘዘ ጥርስ ከመርፌው ይልቅ ግፊትን ሊያስነሣ ይችላል።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ስለ ጥርሳችን ብቻ የምንናገር ብዙ ነን። ከላይ እንዳየነው ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ጥርሳችን ከልባችን ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሳይጠየቁም ቢሆን የሚከተሉትን ይንገሩ።

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ካለብዎ ይናገሩ፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነእሽጋቸው ይዘው ይሂዱ። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድድን ያሳብጣሉ፤ ድድዎ ካበጠ ለሐኪሙ ያሳዩ እንጂ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ። «ጥርሴን ልታከም ነው» ብለው በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። ዩጂኖልም ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባይ በላቦራቶሪ ስለ ታየበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የቅርንፉድ ዘይት እንደ መድኃኒት መውሰድ የለበትም። በወጥና በሻይ ውስጥ የሚገባው ቅርንፉድ ግን አያስጨንቅም።

የልብ ቧንባ በቀዶ ሕክምና የተቀየረልዎት ከሆነ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ። ለአንዳንድ የጥርስ ሕክምናዎች አስቀድሞ አንቲባዮቲክ መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑም ይናገሩ። እርግዝና የጥርስ ሥር ሕክምናን አይከለክልም፤ ሐኪሙ መድኃኒቱንና ራጁን በጥንቃቄ እንዲመርጥ ግን ይረዳዋል።

ጠርሙሷን ከልጆች ያርቁ

በቤታችን ያለው ደረቅ ቅርንፉድና በጠርሙስ የሚሸጠው የቅርንፉድ ዘይት አንድ አይደሉም። ፍሬዋን ለአንድ ሌሊት ነክሶ ማደር ጥርስ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ሊያግዝ ይችላል። ዘይቱ ግን የተጠራቀመ ዩጂኖል ነው፤ ሳይበረዝ ድድ ላይ ሲቀመጥ ያቃጥላል። ሲዋጥ ደግሞ፣ በተለይ በሕፃናት ላይ፣ አደጋው የከፋ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የቅርንፉድ ዘይት ጠጥቶ ራሱን የሳተበትና ጉበቱ የተጎዳበት አጋጣሚ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ይህ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ድድ የቅርንፉድ ዘይት አይቀቡ፤ ጠርሙሷንም እንደማንኛውም መድኃኒት ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጡ። ልጅ ከጠጣ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ጠርሙሷን ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግም ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ ጥርሱን አያክምም።

መቼ ነው ነገ የማይባለው?

ጥርስዎ ተከፍቶ በጊዜያዊ ሙሌት ከተዘጋ ቀጠሮዎን ባያምዎትም ያክብሩ። ሙሌቱ ከወለቀ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይመለሱ። ሥሩ ተደፍኖ ካለቀ በኋላም የመንጋጋ ጥርስ ብዙ ጊዜ ቋሚ ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ተቦርቡሮ የሳሳ ጥርስ ያለ ሽፋን በጠንካራ ቆሎ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ፊትዎ ወይም አንገትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ መተንፈስ ከከበደ ግን ጉዳዩ የቅርንፉድም የቀጠሮም አይደለም። መግሉ ወደ አንገት እየወረደ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ለሌላው ነገር ሁሉ ነው፤ ለጥርስም ይሠራል። ቅርንፉዷ ሌሊቱን ታሳልፍዎታለች። ሐኪሙ ያስቀመጠው መድኃኒትም ጥቂት ቀናት ይሰጥዎታል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ተመልሶ ሕክምናውን መጨረስ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው።